የደሴቱ ምግብ አብሳይ

ቅድም ባለሱቁ ጨው የጠቀለለልኝ በአሮጌ መጽሐፍ ገጽ ነበር። የሻገተው ወረቀት ሽታ አባባ ለእኔና ለወንድሞቼ ያነቡልን የነበረውን የቀልድ ልብወለድ አስታወሰኝ። እሱንም ሱቅ ውስጥ ለመጠቅለያ ሲቀደድ ደርሰው ነው ያስጣሉት። ታሪኩ ደሴት ላይ ስለቀሩ ሰዎች ነው። ለፍየል ሰላምታ የሚሰጥ ካፒቴን ነበረበት። እኔ የምወደው ግን ባሕር የሚፈራውን ምግብ አብሳይ ነበር፤ ጨው ሲያልቅበት ጣሳ በገመድ አስሮ፣ ዐይኑን ጨፍኖ ከባሕሩ ይቀዳል። የመጽሐፉ መጨረሻ ስለተቀደደ፣ አንድ ቀን "አባባ፣ እሱስ አገሩ ይገባል?" አልኳቸው።

"ያንቺ ጀግና መርከብ አያጣም። እሱ ከሄደ ግን ለቀሩት ማን ያበስልላቸዋል፣ የኔ እናት?" ብለው ሳቁ። እኔ አለቀስኩ።

ወንድሞቼ ከከተማችን ከመካነ ሰላም ከወጡ ቆዩ። እኔ ከዩኒቨርሲቲ ተመልሼ አባባን አስታምማለሁ። ዛሬም ሾርባውን ቀመስ አድርገው ፊታቸውን አዞሩ።

"ጨው አንሶታል" አሉ።

ደክሞኝ ነበር፤ ግን የጨውን ጥቅል ፈታሁት።