ዩኒቨርሲቲው ዘንድ የተላክን ሽማግሌዎች

ተሻገር ማንኛውም መሥሪያ ቤት አንጀት አለው ብሎ ያምናል። እዚህ አሜሪካ፣ ዲኤፍደብሊው አውሮፕላን ማረፊያ መንገደኛ ከፓርኪንግ ወደ ተርሚናል የሚያመላልስ አውቶቡስ ይነዳል፤ ሰው ከማሽን ጋር ሲከራከርና ሲረታ በየቀኑ ያያል። እምነቱ ግን ንቅንቅ አላለም። ከኮምፒውተሩ ጀርባ ሰው አለ፣ ሰው ካለ ደግሞ ሽማግሌ ይላካል ባይ ነው። ቤድፎርድ ያለው አፓርታማው ኪራይ ሊጨምርበት ሲል ሽማግሌ ልኳል። ኪራዩ ተጨመረ።

ባለፈው ጸደይ የላከን ግን ለልጁ ለኤዶም ነበር። ኤዶም ሃይ ስኩል የሄደችው ለምሳ ነው ማለት ይቻላል፤ ውጤቷም ይህንኑ ይመሰክራል። ከዚያ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ገባችና ምን እንደነካት እንጃ፣ ማጥናት ጀመረች። አሁን ወደ ዩኒቨርሲቲ ትራንስፈር ልታደርግ አመልክታለች። ተሻገር እንቅልፍ አጣ። እሱ ባደገበት አገር የማትሪክ ውጤት ጠባሳ ነው፤ የተፈታኙ ሠርግ ላይ ሳይቀር ይነሳል። የሃይ ስኩሏን ጉድ አይተው ይመልሷታል ብሎ ፈራ።

ሽማግሌዎቹ እኔና ሐጂ ሸምሱ ነን። ሐጂ ፋርመርስ ብራንች ከተማ ካለ መጋዘን ጡረታ ከወጡ ወዲህ ያላስታረቁት ባልና ሚስት የለም። ኤዶም ከዩኒቨርሲቲው የትራንስፈር አማካሪ ጋር ለያዘችው ቀጠሮ ስትደርስ አባቷና እኛ ሱፍ ለብሰን አማካሪዋ በር ላይ ቆመናል።

"አባዬ፣ ኖ" አለች በቀስታ።

አማካሪዋ ፈገግታዋ የማያልቅ ወጣት ናት። ተቀመጡ አለችን። ሽማግሌ የመጣበት ጉዳይ እሺ ሳይባል እንደማይቀመጥ አስረዳኋት። ወንበር ያነሰን መስሏት ሌላ አስመጣች። ውኃም ሰጠችን፤ ቆመን ያዝነው።

ሐጂ ተናገሩ፣ እኔ ተረጎምኩ። ልጅቷ ያኔ ነፍስ አላወቀችም፣ ጥፋቷን አምናለች፣ ስለ እኛ ሲሉ ይቅር ይበሏት አሉ። ኤዶም ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን የእሳት አደጋ መውጫ ካርታ ማጥናት ያዘች።

አማካሪዋ ግራ ገባት። ኮሌጅ በቂ ኮርስ የወሰደ ተማሪ የሚታይለት የኮሌጁ ውጤት እንጂ የሃይ ስኩሉ እንዳልሆነ ነገረችን። ሰው ትናንቱ ነው ወይስ አይደለም የሚለውን ጥያቄ ዕድሜዬን ሙሉ ሳብሰለስለው ኖሬ፣ እሷ ኪቦርድ እየነካካች ፈታችው። ተሻገር ግን ቅር አለው። ሳይለመን የተሰጠ ምሕረት ጥፋቱን በደንብ ካለማወቅ የመጣ ይመስላል።

"ኬሚስትሪ መውደቋን ይንገሯት" አለኝ በጆሮዬ። "ኋላ አልሰማንም እንዳይሉ።"

አልተረጎምኩም።

አማካሪዋ ቀጠለች። አሁን የያዘችው የስታትስቲክስ ኮርስ ግን ወሳኝ ነው፤ ከC በታች ካመጣች ዩኒቨርሲቲው አይቀበላትም። ኤዶም ጫማዋን አየች።

"ማለቴ... ድሮፕ ላደርገው... ላቋርጠው ነበር" አለች።

ሐጂ ቀስ ብለው ፊታቸውን ከአማካሪዋ ወደ ኤዶም አዞሩ። እኔም ዞርኩ። ተሻገርም ዞረ።

"ልጄ፣ የመጣነው ለካ አንቺ ዘንድ ነው" አሏት። "እሺ ሳትዪን አንቀመጥም።"

"ሐጂ፣ ጉልበትህ ያምሃል እኮ። ቁጭ በል።"

"ያመኛል። እሺ በይ።"

ምን እንደተባለ ያልገባት አማካሪ እሷም ከወንበሯ ተነስታ ቆመች።

ኤዶም አንድ በአንድ አየችን። "ኦኬ" አለች። "ኦኬ፣ እጨርሰዋለሁ። ፕሊስ፣ ቁጭ በሉ።"

ተቀመጥን። የሐጂ ጉልበት ከወንበሩ በላይ ጮኸ።

ነሐሴ መጨረሻ ላይ ኤዶም ደወለችልኝ።

"ጋሼ፣ ደህና ነህ? ሶ፣ ዩኒቨርሲቲ ነኝ፤ ትምህርት ጀመርን። አንድ ክላስ ግን ሞልቷል አሉኝ። ሐጂን ይዘህ መጥታችሁ መቆም ትችላላችሁ?"