የታጠበው ሥዕል

የሥነ ጥበብ ትምህርት በጀመርኩ በሁለተኛው ሳምንት መምህራችን ክዳኑ የጠበቀ ትንሽ ጠርሙስ ይዘው ገብተው፣ ከፍተው፣ እየተቀባበልን እንድናሸተው ሰጡን። ተራዬ ደርሶ አፍንጫዬን ጠጋ ሳደርግ ያ ለስለስ ያለ፣ ትንሽ የሚኮመጥጥ ሽታ መጣና፣ የተቀመጥኩበት የአዲስ አበባ ክፍል ከነወንበሩ ጠፍቶ፣ ካርቱም ውስጥ፣ እናቴ ትሠራበት በነበረው ቤት በረንዳ ላይ በባዶ እግሬ የቆምኩ መሰለኝ። መምህራችን «ምንድን ነው?» ብለው ሲጠይቁ እጄን አውጥቼ «ሰምግ ነው» አልኩ። በውሃ የሟሟ የግራር ሙጫ ነበር፤ እኛ በካርቱም የምናውቀው በዚያ ስም ነው። ክፍሉ ሳቀ፣ እኔም አብሬ ሳቅሁ፣ ልቤ ግን እዚያው በረንዳ ላይ ቀረ።

የምንኖረው ቡሪ በሚባል የካርቱም ሰፈር፣ ከእትዬ ብርቄ ጋር በምንጋራው ግቢ በአንዲት ክፍል ነበር። እትዬ ብርቄ የጎንደር ሰው ናት፤ ሱቅ ዐረቢ በሚባለው ገበያ ሻሽና ክር ትሸጥ ነበር። እናቴ ከድጃ ከወሎ በልጅነቷ መጥታ፣ አል-ማንሺያ በሚባል ሰፈር አንዲት ጡረታ የወጣች የሥዕል መምህርት ቤት ትሠራ ነበር። ሴትዮዋን ሁሉም ሰው «ኡስታዛ»፣ መምህርት፣ ይላት ነበር፤ እኔም ሌላ ስም ያላት አይመስለኝም ነበር። ዓርብ ትምህርት ስለሌለ እናቴ ብቻዬን ትታኝ መሄድ አትወድም፣ በሀፍላ፣ በከተማው አውቶቡስ፣ አሳፍራ ይዛኝ ትሄድና፣ እሷ ወደ ሥራዋ ስትገባ እኔ ወደ ኡስታዛ መጻሕፍት፣ ወደ ታችኛው መደርደሪያ እሮጥ ነበር።

እዚያ ሽፋኑ የወደቀ፣ ስለ ሥዕል ታሪክ የሚናገር አንድ ወፍራም መጽሐፍ ነበረ። ኡስታዛ ያወጣችው ሕግ አንድ ነበር፦ እጅን በሳሙና ታጥቦ፣ ከላይም ከመዳፍም አሳይቶ፣ ከዚያ መግለጥ። ዐረብኛውን ቀስ እያልኩ አነብ ነበር። በአንድ ዘመን የተነሡ ሠዓልያን ሸራቸውን ተሸክመው ከቤት ወጥተው፣ አንዱን የድርቆሽ ክምር ጠዋት ስለው፣ ማታ መልሰው ስለው፣ «ሁለቱ አንድ አይደሉም» ብለው ተከራከሩ። ከእነሱ በኋላ የመጡት ደግሞ ጊታርን ፈታትተው ፊቱንም ጀርባውንም ጎኑንም በአንድ ገጽ ላይ አስቀመጡት። ሕልም የሚስሉም ነበሩ። ሰው እንዲህ ማድረግ እንደሚፈቀድለት ሳውቅ መቀመጥ አቅቶኝ ነበር። በሀፍላ ስንመለስ ለእናቴ ሁሉንም ስነግራት በመስኮት እያየች ታዳምጠኝና፣ «ጊታሩን ከፈታቱት ማን ሊጫወትበት ነው?» ትለኝ ነበር።

እኔም አልተቀመጥኩም። በራችን ላይ፣ ከኒሙ ዛፍ ሥር፣ መንገደኛ የሚጠጣበት ዚር፣ ማለትም ትልቅ የሸክላ ገንቦ ነበረ። እሱን በደብተሬ ጀርባ ላይ ጠዋት፣ ቀትር ላይ፣ ፀሐይ ሲያዘቀዝቅ እየተመላለስኩ ሳልኩት። ከዚያ ከሁሉም በኩል በአንድ ጊዜ ሳልኩትና ለእትዬ ብርቄ ወስጄ አሳየኋት።

«ምነው፣ ይኼ ዚር ከረቅሻ ላይ ወድቆ ነው?» አለችኝ፤ ባጃጅን ረቅሻ ነበር የምንለው።

«አይደለም፣ ከሁሉም በኩል እየታየ ነው።»

«ከሁሉም በኩል ፈሰሰ በይኛ፣ የኔ ልጅ።»

ሙቀቱ ሲበረታ ሀቡብ ይመጣ ነበር። ሰማዩ በአንድ ጎኑ እንደ ግድግዳ ቀልቶ ይነሣና፣ ቀኑን ጨለማ አድርጎ ያልፍና፣ በእያንዳንዱ ዕቃ ላይ ጣት የሚያሰምጥ አቧራ ትቶ ይሄድ ነበር። ከሀቡብ በኋላ የእናቴ ሥራ እጥፍ ስለሚሆን እኔም አግዛት ነበር። አንድ ዓርብ፣ ከሀቡብ ማግስት፣ ስንደርስ ኡስታዛ ለለቅሶ ኦምዱርማን ሄዳ ነበር። እናቴ ክፍሎቹን ይዛ በረንዳውን ለእኔ ሰጠችኝ። ወንበሮቹን ጠርጌ ስጨርስ ግድግዳው ላይ የተደገፈ፣ የበር ስፋት ያለው ሰሌዳ አየሁ፤ ከላይ እስከ ታች ቡናማ ነው፣ ጭቃው ደርቆ ተሰነጣጥቋል። እኔ ያኔ ሥዕል ምን እንደሚመስል ከመጽሐፉ በደንብ ያወቅሁ መስሎኝ ነበር፤ ሥዕል ያበራል፣ ቀለም አለው። ስለዚህ ይህ የሀቡብ ሥራ ነው አልኩና እርጥብ ጨርቅ አነሣሁ። መጀመሪያ ጭቃ ወረደ፣ ቀጥሎ ከሥሩ ሰማያዊ ብቅ አለ። ጨርቁን በጨመቅሁ ቁጥር ሰማያዊው እየሰፋ፣ ልቤ እየዘለለ፣ የተቀበረ ነገር የማወጣ እየመሰለኝ ጠረግሁ።

«እማ፣ ሥዕል አገኘሁ!»

እናቴ መጥረጊያዋን እንደያዘች መጥታ አየችና «ሱብሃነላህ፣ የአቧራው ብዛት» ብላ ተመለሰች።

ኡስታዛ የዐስር ሶላት ሲደርስ መጣች። ነጭ ቶቧን፣ የሱዳን ሴቶች የሚጠቀለሉበትን ልብስ፣ እየሰበሰበች ደረጃውን ወጥታ መጀመሪያ ባልዲውን፣ ቀጥሎ ሰሌዳውን አየች። «ማን ነው?» አለች፣ ድምፅዋን ሳታነሣ። እኔ አፌን ሳልከፍት እናቴ በመካከላችን ገብታ ቆመች። «እኔ ነኝ፣ ኡስታዛ። አቧራ መስሎኝ ነው።»

«አቧራ አልነበረም፣ ከድጃ። ሥራ ነበር። ሦስት ወር የሠራሁት።» ከወንዝ ዳር ደለል እያመጣች፣ በሰምግ እየለወሰች፣ ንብርብር እያደረገች ነበር የቀባችው። «ኸላስ፣ በቃ፣ ለዛሬ ሂዱ። እደውላለሁ።»

አልደወለችም። ያ ቤት እንጀራችን ነበር፤ እናቴ ስልኳን መስኮቱ ላይ አስቀምጣ ልብስ እያጠበች በዓይኗ ትጠብቀው ነበር። እትዬ ብርቄ «ሌላ ቤት እንፈልግልሽ፣ ከድጃ» ስትላት «እደውላለሁ ካለች ትደውላለች፣ ኢንሻአላህ» ትላለች። እኔን አንድም ቀን አልተቆጣችኝም፤ ይህ ከቁጣ ይልቅ ከበደኝ። አንድ ቀን «ለምን እኔ ነኝ አልሻት?» ብዬ ጠየቅኋት።

«እኔ ብባረር ሌላ ቤት አላጣም» አለችኝ ልብሱን እየጨመቀች። «አንቺ ሌላ መጽሐፍ የት ታገኛለሽ?»

ኸሪፍ ገባ፣ ዝናቡ መጣ፣ ዓባይም ሞልቶ ቀላ። ከትምህርት ቤት ስመለስ የወተት ዱቄት ቆርቆሮ ይዤ ወደ ቡሪ ዳርቻ ወርጄ፣ ውሃው የተወውን ደለል ሞልቼ መጣሁ። እናቴ በጣቶቿ አሽታ «ይኼ የበሽሎ ጭቃ ነው» አለች፣ የአገሯን ወንዝ ስም ጠርታ። «ታጥቦ ታጥቦ እዚህ ደረሰ።» እትዬ ብርቄም ከሱቅ ዐረቢ አንድ እፍኝ ሰምግ አምጥታ «ለሳል ነው ለእብደት?» እያለች ሰጠችኝ። ሙጫውን ነክሬ፣ ከደለሉ ጋር ለውሼ፣ የካርቶን ክዳን ላይ ቀባሁ። ሲደርቅ ተልጦ ወደቀ። ሙጫ ጨምሬ ቀባሁ፣ አሁንም ተሰነጠቀ፣ ግን አልወደቀም። ስንጥቁ እንደ ቅጠል ጅማት እየተከፋፈለ ሲሄድ እያየሁ፣ ያጠብኩት ነገር ምን እንደነበረ ያኔ ገባኝ፤ ደስታና እፍረት አንድ ላይ መጡብኝ።

በማግስቱ ዓርብ ነበር። ለእናቴ ሳልነግራት ካርቶኑንና ቆርቆሮውን ይዤ በእግሬ አል-ማንሺያ ሄድኩ። እውነቱን ብናገር እናቴን ውሸታም ማድረጌ ነው፣ ዝም ብል ደግሞ ሥራዋን ማጣቷ ነው፤ መንገዱን ሙሉ ይህን እያወጣሁ እያወረድኩ ነበር። ኡስታዛ ራሷ በሩን ከፈተች።

«እናትሽስ?»

«መምጣቴን አታውቅም። ያጠብኩት እኔ ነኝ፣ ኡስታዛ።»

ገለል ብላ አስገባችኝ። ሰሌዳው እዚያው ቦታው ላይ ነበር፤ መሐሉ ሰማያዊ፣ አራቱ ማዕዘኖች ላይ ግን ጭቃው እንዳለ። «አውቃለሁ» አለችኝ ማዕዘኖቹን እያሳየች። «ከድጃ ስትጠርግ ማዕዘን አትተውም።»

እሷ ቀጠለች፦ «ሆዴ አሁንም ያዝናል። ይህንን ሰማያዊ ደግሞ በወጣትነቴ ስዬ፣ ጠልቼው፣ ዘንድሮ ሸፈንኩት። እያየሁት ከረምኩ፤ ከእሱም ከእናንተም ጋር አኩርፌ።» ከዚያ ካርቶኔን ተቀብላ፣ ወደ ብርሃን ዞራ፣ በአውራ ጣቷ ተጭና «ሰምጉ በዝቷል» አለች። ደግ ቃል አልነበረም፣ ነገር ግን ሠዓሊ ለሠዓሊ የሚለው ዓይነት ነገር ስለመሰለኝ እስከ ቤት ድረስ ሮጥኩ። «ነገ እናትሽ ትምጣ» ብላኝ ነበር። «አንቺም በየዓርቡ አንድ ቆርቆሮ ደለል ታመጫለሽ። ያጠፋሽውን ክፈይ።»

እናቴ ወደ ሥራዋ ተመለሰች፤ ብርዱ ሲገባ እኔም እዳዬን እየከፈልኩ ነበር። ደለሉን አበጥራለሁ፣ ሰምጉን አሟሟለሁ፣ እሷ እየቀባች ትናገራለች። ወጣት ሳለች እዚሁ ከተማ ውስጥ መምህራንና ተማሪዎች ተሰብስበው «የእኛ ቀለም የቱ ነው?» ብለው ጠይቀው እንደነበር፣ የቁርኣን ሰሌዳ ጽሕፈትን፣ የቅል ላይ ጭረትን፣ አፈሩን ሳይቀር ወደ ሥዕል እንዳስገቡት ነገረችኝ። ወደ መደርደሪያው ሮጬ መጽሐፉን ከዳር እስከ ዳር ብፈልግ ስለእነሱ አንድ ገጽ አጣሁ።

«እዚያ የሉም» አለችኝ። «መጽሐፉ የሰው ቤት ነው። ግቢ፣ እይ፣ ተደሰቺ፤ ግን አትደሪበት።»

ያንን ሰሌዳ መልሳ አልሸፈነችውም። ማዕዘኖቹን እንዳሉ ትታ ግድግዳው ላይ ሰቀለችው።

እኛ ካርቱምን ለቀን ከወጣን በኋላ ኡስታዛ ልጇ ጋ ወደ ሌላ አገር መሄዷን ሰማን፤ ሰሌዳው የት እንዳለ ግን የሚያውቅ የለም። ባለፈው ወር የእኛ የጀማሪዎቹ ሥራ እዚህ አዲስ አበባ በሥነ ጥበብ ትምህርት ቤቱ ኮሪደር ተሰቀለ። የእኔ ከግንባታ ቦታ የለመንኩት ቀይ አፈር በሙጫ ተለውሶ የተሠራ ነው። እናቴ ጥሩ ልብሷን ለብሳ መጥታ በእያንዳንዱ ሥዕል ፊት እየቆመች፣ በመጨረሻ የእኔ ጋ ደረሰች። የሻሿን ጫፍ ይዛ እጇን ወደ ሥዕሉ ዘረጋችና፣ ሳትነካው አየር ላይ አቆመችው።

«ይኼስ?» አለችኝ። «አቧራ ነው ሥራ?»

«ሥራ ነው፣ እማ።»

እጇን ሰበሰበች። ያኔ እኔ ምንም ሳልጠይቅ አጥቤ ነበር፤ ዛሬ ዕድሜዋን ሙሉ አቧራ ስትጠርግ የኖረችው እናቴ ጠይቃ ተወችው። ከዚያ ጠጋ ብላ አራቱን ማዕዘኖች አንድ በአንድ ተመለከተችና «ደህና ነው፣ ማዕዘን አልተውሽም» አለችኝ።