ወፍራሙ ፋይላችን

ከአባቴ የወረስኩትን ቤት በስሜ ለማዞር የፋይሉ ኮፒ አስፈለገኝ። ወደ መሬት ቢሮ ልሄድ ስነሳ ጎረቤታችን አባ ጀማል «ብቻሽንማ ያንገላቱሻል፤ አብሬሽ እሄዳለሁ» አሉኝ። ሰፈራችን ቦሳ አዲስ ውስጥ እንደ እሳቸው ያለ ደግ ጎረቤት የለም ብዬ የምምል ሰው ነኝ።

መዝገብ ቤት ያለችው ልጅ «ክፍያው በገጽ ነው፤ የእናንተ ፋይል ደግሞ በጣም ወፍራም ነው» ብላ ሒሳቡን ስትነግረኝ ክው አልኩ።

አባ ጀማል ኮፍያቸውን ወደ ኋላ ገፋ አድርገው ተነሱባት። «ያ ረቢ! የገዛ ፋይሏን ለማየት ይሄ ሁሉ ብር? አንድ ካርታና የግብር ደረሰኝ እንጂ ምን ሊኖረው ነው? ማነው በወረቀት የሞላው?»

ተሰልፎ የነበረው ሰው ሁሉ «እውነታቸውን ነው!» እያለ አገዛቸው። እኔማ ኩራቴ ልክ አልነበረውም። አባቴ ቢኖር እንኳ እንዲህ አይከራከርልኝም ነበር።

ጩኸቱን ሰምቶ አንድ አንጋፋ ሠራተኛ ፋይሉን እንደታቀፈ ከውስጥ ወጣ። አባ ጀማልን ሲያይ ፊቱ በራ።

«አካም ጅርቱ፣ አባ ጀማል!» ብሎ በሁለት እጁ ጨበጣቸውና ወደ ልጅቷ ዞረ። «እኚህን አባት አታመላልሻቸው፤ የድሮ ደንበኛችን ናቸው። ይሄ ፋይል ውስጥ ያለው አቤቱታ ሁሉ የእሳቸው ነው።» ከዚያ ወደ እሳቸው ጠጋ ብሎ በሐዘኔታ ጠየቃቸው፦ «ዛሬ ደግሞ እነዚያ ጎረቤቶችዎ ምን አደረጉዎት?»

አባ ጀማል «ሶላት ደረሰብኝ» ብለው ውልቅ አሉ።

ገና ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ነበር።