አባቴ የተማረው ወንዝ

ክረምት ገብቶ የሮቢ ወንዝ ሲሞላ፣ ድንጋይ ከድንጋይ እያጋጨ የሚያሰማው ጉርምርምታ ዛሬም የያዝኩትን ሥራ አስጥሎ ደጅ ያወጣኛል።

አባቴ ሸዋ ሮቢት የጂኦግራፊ መምህር ነበር። በወጣትነቱ ሩሲያ ሄዶ፣ ካዛን በምትባል የቮልጋ ዳር ከተማ አምስት ዓመት ተምሮ ስለተመለሰ፣ በበጋ ከትምህርት ቤት ስንመለስ ትልቋን እኔንና ታናሽ እህቴን ሂሩትን ደጃችን ካለው ማንጎ ሥር አስቀምጦ፣ አፈሩ ላይ በእንጨት ቮልጋን ይስልልን ነበር። ወንዙ ከሦስት ሺህ አምስት መቶ ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ ካስፒያን ባሕር እንደሚገባ፣ በብርዱ ወራት በረዶ ሆኖ ሰው በላዩ እንደሚራመድበት፣ አገሩ ነዳጅና ስንዴ፣ ውሃው ዓሣ እንዳለው፣ ሩሲያውያን፣ ታታሮችና ቹቫሾች ጎን ለጎን እንደሚኖሩበት ሲነግረን፣ ሂሩት «ታታሮች ሽንኩርት ይተክላሉ?» ብላ ትጠይቀው ነበር፤ እሱም ስቆ «ይተክላሉ» ይላት ነበር።

አንድ ዓመት በልግ ላይ፣ እናቴ ከአባቷ በወረሰችው የወንዝ ዳር የሽንኩርት ማሳ ጫፍ አባቴ ቤት ልሥራ አለ። የቮልጋ ዳር ሰዎች ደጃቸውን ወደ ውሃው አዙረው እንደሚኖሩ እያነሳ እናቴን አግባባት። ዕድሜያቸውን ሙሉ አጠገባችን ማሽላ ያረሱት ጋሼ ሰይድ፣ መሠረቱ ሲቆፈር መጥተው ቆሙ።

«መምህር፣ ይህ ውሃው የሚተኛበት ቦታ ነው። አባቴም እዚህ አልሠራ፣ እኔም አልሠራሁ።»

«አይስጉ ጋሼ ሰይድ፣ ወንዝ እኮ ተምሬያለሁ» አላቸው አባቴ።

«እንግዲህ አላህ ይጠብቃችሁ» ብለው ሄዱ።

ክረምቱ ሳይገባ ቤቱ አልቆ ገባንበት። ነሐሴ ውስጥ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ እኛ ዘንድ ጠብታ እንኳ ሳይወርድ፣ ደጋው ላይ የዘነበው ዝናብ ጎርፍ ሆኖ ደረሰ። እናቴ ገበያ ሄዳ ነበር። አባቴ ክንዴን ይዞ እየጎተተ ሲያወጣኝ፣ ሂሩት የታሰረችውን ፍየል ልትፈታ ወደ ጓሮ ሮጠች። እኔን ዳገቱ ላይ አድርሶ ሲመለስ ጓሮው አልነበረም።

በማግስቱ ጋሼ ሰይድና ልጆቻቸው ከማሽላው ማሳ ውስጥ አገኟትና በጋቢያቸው ሸፍነው ተሸክመው አመጧት። አንድም የወቀሳ ቃል አልተናገሩም። ቢወቅሱት ለአባቴ ይቀለው ነበር ይመስለኛል።

መስከረም ላይ ትምህርት ሲከፈት አባቴ ሥራውን ቀጠለ፤ የወንዞች ምዕራፍ ሲደርስ ግን ተማሪዎቹን «ራሳችሁ አንብቡት» ብሎ በመስኮት ውጭ ውጭውን ያይ ነበር። እናቴም ከዚያ ወዲህ፣ እስከሞተችበት ቀን ድረስ፣ በስሙ ጠርታው አታውቅም። እንደ ባዳ «መምህር» ትለው ነበር።

ዛሬ አባቴ አርጅቶ፣ ከወንዙ ርቆ ከፍ ያለ ቦታ ላይ ባለው ቤቴ አብሮኝ ይኖራል። እራት አቀርብለትና ስለ ሽንኩርት ዋጋ እናወራለን። ያኔ የመጣልኝን ሁሉ እጠይቀው ነበር፤ እሱም መልስ አያጣም ነበር። አሁን የቀረኝ አንድ ጥያቄ ነው፤ ጋሼ ሰይድን ለምን አልሰማሃቸውም የሚል። ይህን ሳልጠይቀው ሰሃኑን አነሳለሁ፣ እሱም ዓይኔን ሳያይ «እግዜር ይስጥልኝ» ይለኛል።