የሦስት ሰው ዝናብ

ቅዳሜ ጠዋት ስልክ ሲጮኽ ጌጤነሽ ሳታነሣው ማን እንደሆነ ታውቃለች። ልብስ ማጠቢያው እየተንገጫገጨ፣ ለንደን አርችዌይ ሰፈር ፎቅ ላይ ያለችው ጠባብ ቤቷ በእንፋሎት ታፍና ሳለ የሚደውሉ ሰው አቶ ተክለ ሃይማኖት ብቻ ናቸው።

«ግጥሟስ?» ይላሉ፤ ሰላምታውን እንኳ በቅጡ ሳይጨርሱ።

«አልደረሰችም፣ አቶ ተክለ ሃይማኖት።»

«ስምንት ስንኝ እኮ ነው፣ ልጄ! እኔ ስምንት ስንኝ አውቶቡስ ስጠብቅ እጽፋለሁ።»

ይኼኔ ደሟ ይፈላል። «እሱማ ያስታውቃል» የሚለው ምላሷ ጫፍ ድረስ ይመጣና፣ ትልቅ ሰው ናቸው ብላ ትውጠዋለች።

አቶ ተክለ ሃይማኖት አገር ቤት ሳሉ የአማርኛ መምህር ነበሩ። ለንደን ከመጡ ወዲህ ኬንቲሽ ታውን ባለው የማኅበሩ ቢሮ ተቀምጠው የማኅበሩን መጽሔት ያዘጋጃሉ። በ1996 ከፋሲካ ማግሥት፣ ጌጤነሽ ቻይና መማሯን ከአንድ ሰው ሰሙና «ከዚያ አገር አንድ የድሮ ዓይነት ግጥም ተርጉሚልን፤ ለእንቁጣጣሽ እትም ጌጥ ይሆነናል» አሏት። እሷም እሺ አለች። እሺ ያለችበትን ቀን ስትረግም ከረመች።

ቻይና የሄደችው ግጥም ልትማር አልነበረም። መንግሥት የላካት ናንጂንግ ከተማ የግድብ ሥራ እንድታጠና ነው። የመጀመሪያው ዓመት ግን ቋንቋ ብቻ ነበር፤ ያስተማሯትም ከጡረታ የተጠሩ፣ ቀጭን፣ ቁጡ ሴት ናቸው። መምህርት ሸን ይባላሉ። እኚህ ሴት ተማሪዎቻቸውን ራሳቸው የሚኖሩበት ክፍል ድረስ እየወሰዱ ቃል ያጋጥሟቸው ነበር። እሳቸው «ተራራ» ሲሉ ተማሪው «ወንዝ» ይላል። «ቀይ» ሲሉ «አረንጓዴ» ይላል። አንድ ቀን «ዝናብ» ቢሏት ጌጤነሽ «ጃንጥላ» ብላ አረፈችው።

«ጃንጥላ የሰው ሥራ ነው» አሉ መምህርቷ ፊታቸውን አጨማድደው። «ዝናብ ከሰማይ ነው። ጓደኛውንም ከሰማይ አምጪለት።»

«ነፋስ?»

«ነፋስ። ይኸው አልሞትሽም።»

የድሮው ግጥም ሕግ ከዚህ ይጀምራል። ስምንት መስመር፤ በየመስመሩ አምስት ቃል። መካከል ላይ ያሉት አራት መስመሮች ሁለት ሁለት እየሆኑ እንደ በር መዝጊያ ይገጥማሉ፤ ቁጥር ከቁጥር ጋር፣ ዕቃ ከዕቃ ጋር ፊት ለፊት ይቆማል። የቻይንኛ ቃል ሁሉ ዜማ ስላለው፣ በአንደኛው ድምፁ ደልዳላ በሆነበት ቦታ በሌላኛው ዘንበል ማለት አለበት። ከሁሉም በላይ ግን «እኔ» የሚባል ነገር ዝር አይልም። ያየው ማን ነው፣ ያዘነው ማን ነው፣ አይነገርም።

ጌጤነሽ ለአቶ ተክለ ሃይማኖት የመረጠችው ግጥም የራሳቸው የመምህርት ሸን ነበር። አንድ ዝናባማ ማታ እሷንና አንድ ታንዛኒያዊ ተማሪ በአንዲት ጃንጥላ ሥር አስጠግተው ወደ ክፍላቸው ከወሰዱ በኋላ የጻፉት ነው። በቃል አስጠኗቸው። ስለ ግድብ የተማረችው ሁሉ ተኖ ሲጠፋ ግጥሙ ጭንቅላቷ ውስጥ ቀረ። ለንደን ከመጣች በኋላ የምሕንድስና ዲፕሎማዋን የሚፈልገው ጠፋ፤ ፓርክ ሮያል ውስጥ ከቻይና ምግብ የሚያስመጣ መጋዘን ገባችና የአኩሪ አተር ስጎና የሩዝ ካርቶን ላይ ያለውን ጽሑፍ ቼክ ታደርጋለች።

የመጀመሪያው ጥንድ ያለ ድካም በአማርኛ መጣላት፦

አሮጌ ጃንጥላ፣ የሦስት ሰው ዝናብ፤
አዲስ መብራት፣ የአንድ ክፍል መጽሐፍ።

አምስት ቃል ባምስት ቃል። አንድም ግሥ የለበትም። ደስ ብሏት ባሏን ደግፌን ከእንቅልፉ ልትቀሰቅሰው ምንም አልቀራትም። ሁለተኛው ጥንድ ላይ ግን ሥራው ቆመ። ቻይንኛው በጥሬው፣ ታንኳ መስማት፣ ውኃ መጉደሉን ማወቅ፤ ዝይ መቁጠር፣ ሰማይ መርዘሙን ማወቅ ነው። ታንኳዋ መሬት ስትፈትግ ይሰማል፤ ወንዙ ጎድሏል ማለት ነው።

«ማነው የሰማው?» አለ ደግፌ፤ የአውቶቡስ ሹፌር ነው፣ ከሺፍት ተመልሶ ራቱን እየበላ።

«ማንም።»

«ማንም ካልሰማ ምኑን ጻፉት?»

«እሱ እኮ ነው ነገሩ! ቻይንኛው ማን እንደሆነ አይልም። አማርኛ ደግሞ ግሡ ባለቤቱን ሳያዝል አንድ እርምጃ አይሄድም። ሰማሁ ብል እኔ ነኝ፣ ሰማች ብል እሷ ናት።»

«ታዲያ ሰማን በይና ገላግይን። ሦስት ናችሁ አላልሽም?»

ማንኪያዋን ወርውራ ተነሣች። የሚያናድደው ደግሞ መልሱ ሞኝ አለመሆኑ ነው።

ሳምንታት እንዲህ አለፉ። ምድር ባቡር ውስጥ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። ወጥ ያርርባታል። ግሡን መጨረሻ ላይ ስታስቀምጠው ሁሉም ነገር እንደ ሠርግ ዘፈን ቤት ይመታና ትቀደዋለች። በመጨረሻ አንድ ቀን ፓርክ ሮያል የካርቶን ፕላስተር ስትልጥ መጣላት። ሰሚው ከጠፋ፣ ግሡን የተሰማው ነገር ይሸከመው!

ታንኳ ሲሰማ ውኃ ጎደለ፤
ዝይ ሲቆጠር ሰማይ ረዘመ።

ከአምስቱ ቃል አንድ ጎድሎባታል። «መምህርቷ ቢሰሙ ያብዳሉ» አለች፤ ቢሆንም ሌላ ጥግ አልነበራትም። ቀሪዎቹን መስመሮች አስተካክላ ለአቶ ተክለ ሃይማኖት ሰጠቻቸው።

መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው አነበቡት። «ሰሙን አየሁት» አሉ። «ወርቁ የት አለ?»

«ወርቅ የለውም። ጃንጥላው ጃንጥላ ነው።»

«እንዴት ያለ ግጥም ነው ታዲያ? ሰውየውስ የት ሄደ? ስሜቱስ?»

«ስሜቱማ እዚያው አለ። ሦስት ሰው ባንድ ጃንጥላ ሲሄድ አልታየዎትም?»

«ይታያል፣ ይታያል» አሉ፤ አነጋገራቸው ግን አላማራትም።

ጥርጣሬዋም ልክ ነበር። መጽሔቱ ሲወጣ ገጹን ገልጣ ቆማ ቀረች። ስሟ «ተርጓሚ» ተብሎ በትልቁ ተጽፏል። ከሥሩ ያለው ግጥም ግን ገጹን ሞልቶ ወደ ጀርባው ዞሯል፦

እኔ በሰው አገር ዝናብ ሲደበድበኝ፣
አሮጌ ጃንጥላ ብቻዬን አስያዘኝ፤
ወይ እናት አገሬ ምነው በወሰድሽኝ...

እያለ ይቀጥላል። ሁለቱ ሰዎች ከጃንጥላው ሥር ተባርረዋል። ዝይዎቹ ወደ አገር ቤት እየበረሩ ነው። ጌጤነሽ እርር ድብን አለች። ኮቷን በግልባጭ ለብሳ አውቶቡስ ተሳፈረችና ኬንቲሽ ታውን ወረደች።

«ምን አደረጉኝ፣ አቶ ተክለ ሃይማኖት?»

«አሳመርኩልሽ!» አሉ፤ እውነትም ምስጋና ሲጠብቁ የነበሩ ይመስላሉ። «የኛ አንባቢ አልቅሶ ካልወጣለት ግጥም አነበብኩ አይልም።»

«ሴትዮዋ ናንጂንግ ናቸው! ከአገራቸው ወጥተው አያውቁም! ምን አስለቀሳቸው?»

ይህን አላሰቡትም። እንደ መምህር ጉሮሮአቸውን ጠራርገው፣ «እንዲህ ያለ ደረቅ ነገርማ ማንም ይጽፈዋል» አሉ።

«ማንም? እንግዲያው ይጻፉ!» ድምፅዋ ኮሪደሩ ድረስ ተሰማ። የመጣችበትን አውቶቡስ አስታውሳ፣ «ባዶ አውቶቡስ፣ የሁለት መስኮት ጭጋግ» አለች። «ጓደኛውን ያምጡለት። አምስት ቃል። ‹እኔ› አይግባበት፣ ‹ወይ› አይግባበት፣ አገርም አይግባበት።»

«ባንድ ደቂቃ!» አሉ ወረቀት እየሳቡ። ደቂቃው ግን አላለቀም። ጽፈው ሰረዙ፤ ደግመው ሰረዙ። «ብቸኛ ልቤ» ብለው ጀመሩና ዓይኗን አይተው ራሳቸው አጠፉት። ስትወጣ እርሳሱን እየነከሱ ነበር። እሷ የሰጠቻቸው ግጥም በማኅበሩ የእንቁጣጣሽ በዓል ላይ እንዳለ እንዲነበብ ግን ቃል አስገብታቸዋለች።

ከዚያ ወዲህ መከራዋ ባሰ። አሁን የሚደውሉት ቅዳሜ ብቻ አይደለም፤ ሥራ ቦታ ጭምር ነው። «ከባዶ አንጻር ‹ጠባብ› ይሄዳል?» «አይሄድም።» «ለምን?» አለቃዋ በመስተዋት በተከለለው ቢሮው ውስጥ ሆኖ ሰዓቱን ያሳያታል። «ቤተሰብ ታሞብሻል እንዴ?» ብሎ ጠየቃት አንዴ። ቃል ጠፍቶባቸው ነው ብትል ማን ያምናታል?

የእንቁጣጣሽ በዓል ማታ አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። አቶ ተክለ ሃይማኖት በነጭ ልብሳቸው መድረክ ላይ ወጡና ግጥሙን ያለ ጭማሪ ማንበብ ጀመሩ። ጃንጥላው በሰላም አለፈ። ጌጤነሽ ትንፋሿን ዋጠች። «ታንኳ ሲሰማ...» አሉ፤ «ሰ»ን አላልተው፣ ታንኳው ራሱ ሰሚ እንደሆነ አድርገው።

«ታንኳ ደግሞ ጆሮ አወጣ?» አለ አንዱ ከኋላ። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ።

«ጠበቅ አድርገው ያንብቡት!» ብላ ጮኸች ጌጤነሽ ከወንበሯ ብድግ ብላ። «ሲሰማ ነው፣ ሰው ሲሰማው! ስንት ጊዜ ነገርኩዎ!» ደግፌ በቀሚሷ ጫፍ ጎትቶ አስቀመጣት።

አቶ ተክለ ሃይማኖት ግን አልተቆጡም። ሳቁ እስኪበርድ ቆመው ከመጀመሪያው መስመር አንሥተው፣ ቀስ ብለው፣ ጠበቅ አድርገው አነበቡት። ሲጨርሱ ማንም አላጨበጨበም። ሰዉ ግጥሙ የሚቀጥል መስሎት ይሁን፣ ሌላ ነገር ይሁን አልታወቀም፤ ብቻ ዝም አለ። አንድ ሽማግሌ አሳላቸው። ጭብጨባው ከዚያ በኋላ መጣ፤ ለጌጤነሽ ያን ያህል የሞቀ አልመሰላትም፤ ተናዳ ወደ ቤቷ ገባች።

ሰኞ ረፋዱ ላይ የመጋዘኑ ስልክ ጮኸ። አለቃዋ ምንም ሳይናገር መነጋገሪያውን ዘረጋላት።

«ሙሉ አዳራሽ፣ የአንድ ሰው ሳል» አሉ አቶ ተክለ ሃይማኖት።

ጌጤነሽ በጣቷ ቆጠረች። ባዶ ከሙሉ፣ አውቶቡስ ከአዳራሽ፣ ሁለት ከአንድ፣ መስኮት ከሰው፣ ጭጋግ ከሳል። የሚነቀፍ ፈለገች። ያን ሁሉ ወራት ጨጓራዋን የላጡት ሰውዬ፣ የሚነቀፍ ነገር አልተዉላትም።

«ልክ ነው» አለች ጥርሷን ነክሳ።

«እንጃ» አሉ እሳቸው በሐሳብ። «ሳል ትንሽ ደረቅ አልሆነም? ‹ሲቃ› ባደርገው ምን ይመስልሻል? ትንሽ ልብ ይነካል።»

«አይንኩት! አቶ ተክለ ሃይማኖት፣ እንዳይነኩት!»

«እስቲ ላስብበት» አሉና ዘጉ።

መነጋገሪያውን እንደያዘች አለቃዋን ዞራ አየችው። «አንዴ መልሼ ልደውል?» አለችው፤ መልሱንም ሳትጠብቅ ቁጥሩን መምታት ጀመረች።