ከመጠባበቂያ በላይ

ዳቢሴ የሮቤ ባለጋሪዎች የፈረስ ዕድር ዳኛ ነበር። ፈረስ የሞተበት አባል በዕድሩ ገንዘብ ሌላ ይገዛለታል። አንዳንድ ፈረስ በእርጅና ወይ በስብራት ሲሞት ዕድሩ ማንንም አሳፍሮ አያውቅም፤ ዳቢሴም በዚህ ይኮራ ነበር።

አንድ ቀን ጋሪው ላይ የተሳፈረች ፌበን የምትባል የዩኒቨርሲቲ የሒሳብ መምህርት ይህን ስትሰማ፣ «ጋሼ፣ ብዙ ፈረስ ባንዴ ቢሞትስ?» አለችው።

«እሱ ይጠብቀን እንጂ፣ ያኔማ ምን እንሆናለን?»

ፌበን ነገሩ ከነከናት። ስታሰላ ሰነበተችና አባላቱን ሰብስባ አስረዳች። ብዙ መጠባበቂያ እንያዝ ቢሉ መዋጮው ድሃውን ያጎብጠዋል፤ ጥቂት ቢይዙ ክፉ ቀን ባዶ እጃቸውን ያገኛቸዋል። የሚሻለው ልኩን ይዞ፣ ከዚያ የሚያልፈውን ጉዳት ትንሽ እየከፈሉ ለትልቅ ድርጅት ማሸከም ነው። ጠለፋ ዋስትና ይባላል ስትል ባለጋሪዎቹ ሳቁ።

«ፈረሶቻችንን ማን ሊጠልፍብን ነው?»

ቢስቁም ተስማሙ። ዳቢሴና ፌበን ኢንሹራንስ ቤቶችን ዞሩ፤ የጋሪ ፈረስ የሚቀበል ጠፋ። በመጨረሻ ቆላ ካሉት፣ በፈረስ ጭነት ከሚያመላልሱ የደሎ መና ሰዎች ጋር፣ አንዳችን ስንጎዳ ሌላችን እንድረስ ተባባሉ። ፌበን ግን ፊቷ አልተፈታም።

«ይህ የሚያዋጣው ቆላውና ደጋው አብረው ካልተመቱ ነው» አለች።

ዝናቡ በበረታበት ዓመት አንድ የፈረስ በሽታ ከቆላ ተነሣ። ፈረሱን ትንፋሽ እያሳጠረ፣ በአፍንጫው አረፋ እያስደፈቀ የሚጥል ነው። ደሎ መናዎች ድረሱልን ብለው ላኩ። ሮቤዎች ሳይመክሩበት በሽታው የእነሱው በረት ገባ። የእንስሳት ሐኪሙ ክትባቱ ገና አልመጣም ብሎ አቀረቀረ።

ቀድሞ የሞተባቸው ሙሉ ካሳቸውን ወሰዱ፤ መጠባበቂያው በዚያው አለቀ። በጋሪ ውሃ እያመላለሰች ልጆቿን የምታሳድገው አባል፣ ቀለሟ፣ ፈረሷ የሞተባት ከዚያ በኋላ ነው። ዳቢሴ ደጅ መጥታ ቆመች።

«ኦቦ ዳቢሴ፣ እኔም እንደነሱ አዋጥቻለሁ።»

«አዋጥተሻል።»

«ታዲያ?»

ዳቢሴ ስልኩን አወጣ። ፌበን ጋ ደወለ።

«ልጄ፣ በሒሳብሽ አንድ መላ የለም?»

«የለም፣ ጋሼ» አለች ፌበን። «እኔም ቁጭ ብዬ እሱኑ ስፈልግ ነበር።»

የዳቢሴ ፈረስ ቦራ ገና ጤነኛ ነበር። ጠዋት ጠዋት ቀለሟ፣ ከቀትር በኋላ እሱ እንዲነዱት ተስማሙ። ፈረስ ለሞተባቸው ለሌሎቹ አባላት የሚሰጠው ሁለተኛ ፈረስ ስለሌለው በየመንገዱ ሰላምታቸውን እየሸሸ ያልፋቸው ጀመር።

እንዲህ ጥቂት ቀን እንደሠሩ ቀለሟ በማለዳ ስትመጣ ዳቢሴን በረት ውስጥ አገኘችው። ከቦራ ዐይን በላይ ያለው ጎድጓዳ ቦታ አብጦ ሞልቷል። ምልክቱን ከራሷ ፈረስ ታውቀዋለች። ውሃ አቀረበችለት፤ አሽትቶ ተወው።

«ምን ይሻላል?» አላት ዳቢሴ፣ እሷ እንደምታውቅ ሁሉ።

«እንጃ፣ ኦቦ።»

ከግራና ከቀኝ ሆነው የቦራን አንገት ደገፉ። ከቀትር በፊት ጉልበቱ ታጠፈ። ቀለሟ እጇን ከአንገቱ ሳታነሣ አብራው ወደ መሬት ወረደች።