ብራስልስ ያስከፈለችኝ

ብራስልስን ስድስት ቀን አይቻት አንድ ሱቅና አንድ ፍራሽ ወስዳብኛለች። ይህን የማነሳው ባለፈው ቅዳሜ ሁለት ነጮች ጆሃንስበርግ፣ ጀፕ የሚባለው ሰፈር ያለው ሱቄ ድረስ መጥተው ስላስታወሱኝ ነው። አስጎብኚ እያዞራቸው ነበር። የሰቀልኳቸውን ቀበቶዎችና የደረደርኳቸውን ብርድ ልብሶች እንደ ሙዚየም ዕቃ ፎቶ አነሱ፣ ዋጋ ጠየቁ፣ ምንም አልገዙም። ሴትየዋ ከብራስልስ መምጣታቸውን ነግራኝ አውሮፓን አይቼ እንደማውቅ ጠየቀችኝ።

"የእናንተን ከተማ አይቻታለሁ" አልኳት።

"ወደድካት?"

"ዝናብ ነበር" ብዬ ወደሚገዙት ሰዎች ዞርኩ።

ያኔ ገና ወጣት ነኝ። ከከተማው ዳር አይቮሪ ፓርክ የሚባል የጥቁሮች ሰፈር ውስጥ ከአገሬ ልጅ ከእዮብ ጋር በሽርክና የከፈትነው፣ ስፓዛ የሚሉት የሰፈር ሱቅ ነበረን፤ ጠዋት ጠዋት በብረት ፍርግርጉ መሀል ዳቦና ስኳር አቀብላለሁ፣ ከሰዓት በኋላ በታክሲ መሀል ከተማ ወርጄ አንዲት ፎቅ ላይ ያለች ትንሽ ኮሌጅ ውስጥ ንግድ እማራለሁ። ንግዱን የተማርኩት ከሱቁ ነው፤ ኮሌጁ ለመኖሪያ ፈቃዱ ነበር። እንግዲህ ይህች ኮሌጅ ብራስልስ ላይ ለሚደረግ የተማሪዎች ስብሰባ አንድ ሰው ላኪ ተባለች፤ መምህራችንም "እውነተኛ ሱቅ ያለህ አንተ ብቻ ነህ" ብሎ እኔን መረጠ። ትኬቱ ደርሶ መልስ ነው። የእኛ ሰው ግን መልስ የሚለውን አላነበበውም።

በእኛ ዘንድ አውሮፓ የገባ አይመለስም። ስለዚህ ሽኝቴ ለሁልጊዜ እንደሚሄድ ሰው ሽኝት ነበር። የቤተ ክርስቲያናችን ወጣቶች "እዚያው ትከለው" ብለው ጸለዩልኝ። አጎቴ ጋሽ ማርቆስ ካፖርታቸውን አለበሱኝ። ፍራሼ ገና ሙቀቱ ሳይለቀው ከሆሳዕና ለመጣ ልጅ ተሰጠ። እዮብ ድርሻዬን ገዛኝ፤ ዋጋው አነሰ ስለው "አንተ ዩሮ ልትቆጥር እየሄድክ በራንድ ትጨቃጨቀኛለህ?" ይለኛል። ፈረምኩለት። ሁሉም እርግጠኛ ሆኖ ሳለ ብቻውን የሚጠራጠር ሰው ሞኝ ይመስላል፤ እኔም ልቀር ነው የሄድኩት።

የብራስልስ ዝናብ ዝናብ አይባልም። የጆሃንስበርግ ዝናብ ያስፈራራል፣ ይወርዳል፣ ይሄዳል። የእነሱ ጉንፋን እንደያዘው አፍንጫ ቀኑን ሙሉ ይንጠባጠባል። ሱቆቹ ሰው ከሥራ ወጥቶ መግዛት ሲጀምር ይዘጋሉ፤ እሑድማ አብዛኞቹ ጭራሽ አይከፈቱም። የሚኮሩበት ምግብ የተጠበሰ ድንች ነው፣ ላዩ ላይ ማዮኔዝ ያፈሱበታል፤ የድንች ገበሬ ልጅ ስለሆንኩ የማዘን መብት አለኝ። አንድ ቸኮሌት ቤት ገብቼ "ብዙ ብወስድ ስንት ትቀንሺልኛለሽ?" ብላት፣ ሻጯ የታመምኩ መስሏት ውሃ ልስጥህ አለችኝ። ያቺ ሴት ዋጋ ታነባለች እንጂ አትሸጥም። በስብሰባውም አንድ ክብሪት ሸጠው የማያውቁ ሰዎች ደንበኛ እንዴት እንደሚያዝ ግድግዳ ላይ በሥዕል አስተማሩን፤ አጨበጨብን።

ጉዞው ሊያልቅ ሲል አጎቴ የሰጡኝን ስልክ ደውዬ ሳምሶንን አገኘሁት። ሳምሶን የሰፈራችን ልጅ ነው፣ ስምንት ዓመት እዚያ ኖሯል። አገር ቤት በላከው ፎቶ ላይ መኪና ተደግፎ ነበር፤ መኪናው የማን እንደሆነ እሱም አያውቅም። ምግብ ቤት ሰሃን ያጥባል፣ ፔፐሩን፣ ማለት የመኖሪያ ወረቀቱን፣ ይጠብቃል። ትራም ውስጥ ሳቅ ብል "ቀስ በል፣ ሰው ያየናል" እያለ ክንዴን ይጎትታል። ከዚያ ከባቡር ጣቢያው ጀርባ የስልክ ካርድ የሚሸጥበት ቤት ወሰደኝ። ጓዳው ውስጥ አንድ የአገራችን ሰው ኬዝ ይሠራል፤ ማለት ጥገኝነት ስትጠይቅ ለመንግሥት የምትናገረውን ታሪክ ጽፎ ይሸጥልሃል። ቀና ብሎ እንኳ አላየኝም።

"አባትህ አለ?"

"አለ። ሆሳዕና ድንች ያመርታል።"

"እዚህ ሞቷል። እስር ቤት ነው የሞተው።"

"ምን አድርጎ?"

"እሱን ለእኔ ተወው። አንተ ማልቀሱን ተለማመድ።"

ነጋዴ ነኝና ተከራከርኩ። "አጎቴ ቢሞቱስ?"

"አጎት አይሸጥም። የሚፈለገው አባት ነው።"

ሳምሶን ትከሻዬን ነካ አደረገኝ። "ወሬ እኮ ነው፣ ታሜ። አባትህ አይሰማም። የእኔም ሞቷል።"

"መቼ?"

"እንደመጣሁ።"

"ስምንት ዓመት ሙሉ ሞቶም ፔፐሩ አልመጣም?"

ሰውዬው የተዘጋጀ ወረቀት አቀበለኝ፤ የስም ቦታው ብቻ ባዶ ነው። ሳምሶን አጮልቆ አይቶ እንዳመነልኝ፣ የእሱንም አባት የገደለው ወረቀት ይኸው ነበር፣ ቃል አልተቀየረም። እኔ ጀፕ ላይ አስመስለው የሠሩትን ጫማ ሸጬ አውቃለሁ፤ ግን ቢያንስ በደንበኛው ቁጥር ነበር የምሰጠው። ወረቀቱን መለስኩለትና በማግስቱ አውሮፕላኔን ተሳፈርኩ።

ጀፕ ስደርስ ጋሽ ማርቆስ ከእግሬ እስከ ራሴ አይተው "ምን አጥፍተህ ነው ያባረሩህ?" አሉ። ትኬቱን ባሳያቸው "ይህንንማ ሲያባርሩ ነው የሚሰጡት" አሉኝ፤ ካፖርታቸውንም ተቀበሉኝ። ፍራሼ ላይ ልጁ ተኝቷል። እዮብ "ፈርመህልኛል እኮ፣ ወንድሜ" አለኝ፤ እውነቱን ነው። ካልሲ ተሸክሜ የጀፕን አስፋልት ከአንድ ጀመርኩ።

ከወር በኋላ ለአባቴ ደወልኩ። ሌላው ቢቀር እሱ ደስ ይበለው ብዬ ሁሉንም ነገርኩት፤ ሞቷል በል እንዳሉኝ፣ እኔም እንቢ ማለቴን።

"ታዲያ ብትል ምን ነበረበት?" አለ።

"አባ፣ ሞቷል በል እኮ ነው ያሉኝ።"

"ሰማሁ። አንተ እዚያ ሞቷል ብትል እኔ እዚህ ድንቼን ከመኮትኮት ማን ይከለክለኛል? ጣሪያው እያፈሰሰ ነው።"

ጣሪያውን ከዓመታት በኋላ በካልሲና በቀበቶ አሳደስኩለት። አሁን አርጅቷል፤ በደወልኩ ቁጥር የብራስልስን ነገር ሳያነሳ አይዘጋም። ለእሱ ብዬ የተመለስኩ ይመስለዋል። እኔ ግን መጥፎ ዕቃ በውድ መግዛት አስጠልቶኝ ነው፤ ይህን አልነገርኩትም፣ ይብስበታል።

የአይቮሪ ፓርኩ ሱቅ የእዮብ ነው። አባቴ በሕይወት አለ። እኔና እሱ ተቀያይመናል።